እንግዳው ከደጅ ስለ ተመለሰበት ምክንያት

ባለፈው ክረምት በቤታችን የሆነውን ነገር ለአንባቢዎቻችን ብንገልጥ ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል። ልጃችን በዋሽንግተን ከሚኖረው ከአክስቱ ልጅ ጋራ ማይንክራፍት የሚባለውን ጨዋታ ለመጫወት አስቦ፥ በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ሰርቨር አቆመ። ሁለቱ ልጆች በአካል የተያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ልጅ ከወላጆቹ በቀር በአማርኛ የሚያነጋግረው እኩያ ከዚህ ከእኛ ልጅ በስተቀር የለውም። ነገር ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቢደክሙ እንግዳው ሊገባ አልቻለም። እኛም ነገሩን ሳንመረምር «ትምህርትህን ትተህ የማታውቀውን ትነካካለህ» ብለን ልጁን ተቈጣነው። ጥፋቱ የርሱ እንዳልነበረ በኋላ ስለ ተረዳን፥ ሌላው ወላጅ እንደ እኛ ፈጥኖ እንዳይፈርድ የምርመራውን ሥርዓት እናስረዳለን።

ራውተር እንደ ትልቅ ቤት አጋፋሪ ነው። የቤቱ ሰው ወደ ውጭ የላከው መልእክት መልስ ሲመጣ ተቀብሎ ለላኪው ያደርሳል፤ ሳይጠራ ከውጭ የመጣውን እንግዳ ግን ወደ ማን እንደሚያስገባው ስለማያውቅ ከደጅ ይመልሰዋል። ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚባለው ለዚህ አጋፋሪ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ይኸውም «በዚህ ቍጥር በር የመጣውን ወደዚህ ኮምፒዩተር አስገባው» ማለት ነው። የማይንክራፍት የጃቫ ዓይነት የተለመደ በር 25565 ሲሆን በቲሲፒ መንገድ ይሄዳል፤ ቤድሮክ የሚባለው ዓይነት ግን በ19132 በዩዲፒ መንገድ ይሄዳል። ቍጥሩ ቀንቶ መንገዱ ቢሳሳት እንግዳው አይገባም።

ምርመራው ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ ይገባዋል።

አንደኛ፥ በዚያው ቤት ካለ ሌላ ኮምፒዩተር ወደ ሰርቨሩ ለመግባት መሞከር ነው። ይህ እንቢ ካለ ራውተሩን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። የከለከለው የኮምፒዩተሩ ፋየርዎል እንደ ሆነ፥ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ፈቃድ መስጠት እንጂ ፋየርዎሉን ፈጽሞ ማጥፋት አይገባም።

ሁለተኛ፥ ኮምፒዩተሩ በቤት ውስጥ ያለው አድራሻ፥ ለምሳሌ 192.168.1.50፥ በሌላ ጊዜ ሊለወጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትእዛዙ እንግዳውን ወደ ባዶ ቤት ይመራዋል። ስለዚህ አድራሻው እንዲጸና በራውተሩ ላይ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ በቤት ውስጥ ተቀምጦ በውጭ አድራሻ መሞከር ያሳስታል፤ ከውስጥ ወጥቶ በዚያው በር የሚመለሰውን የማይቀበሉ ራውተሮች አሉና። አንዱን ኮምፒዩተር ከስልክ ዳታ ጋራ አገናኝቶ መሞከር ይሻላል።

አራተኛውና በእኛ ቤት የተገኘው ምክንያት ይህ ነው። በራውተሩ ገጽ ላይ የተጻፈው የውጭ አድራሻ፥ ከቤቱ ውጭ ያለው ዓለም ከሚያየው አድራሻ ጋራ አንድ መሆን አለበት። የእኛ ራውተር ግን በ100.72 የሚዠምር ቍጥር አሳየን። ከ100.64 እስከ 100.127 ያሉት ቍጥሮች፥ መስመር ሰጪ ድርጅቶች አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እንዲያካፍሉበት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የተመደቡ ናቸው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ከቤቱ አጋፋሪ በላይ የእኛን ትእዛዝ የማይሰማ ሌላ አጋፋሪ አለ። ልጃችን የጻፈው ትእዛዝ ሁሉ ትክክል ነበረ፤ የተዘጋው በር የእኛ አልነበረም።

መድኃኒቱም የራስን የውጭ አድራሻ ከመስመር ሰጪው መጠየቅ፥ ወይም ሰርቨሩን በኪራይ ማቆም፥ ወይም ሁለቱን ቤቶች በቪፒኤን ማገናኘት ነው። እኛ ሦስተኛውን መረጥን፤ በቅዳሜ፥ በዚህ ማታ በዚያ ጧት ሲሆን፥ ልጆቹ ተገናኙ።

በሩን ከፍተው እንግዳ የሚቀበሉ ግን ጥንቃቄን አይርሱ። ለጨዋታው ከሚያስፈልገው በር በቀር ሌላ አይክፈቱ፤ ሰርቨሩን በየጊዜው ያድሱ፤ ዋይትሊስት በሚባለው መዝገብ የታወቁትን ስም ብቻ ያስገቡ፤ ጨዋታው ሲቀርም በሩን ይዝጉ።

እኛም ልጁን ጠርተን በቍጣችን ተሳስተን እንደ ነበረ ነገርነው። እርሱም ስቆ «አባባ፥ እኔም ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር» አለን። ይህ ቃል ከሦስቱ ቀን ድካም ይልቅ ከበደን።