የመብራት ሒሳብ በላስታ፦ ቁጠባው ከምጣዱ ይጀምራል

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የታሪፍ ማሻሻያ በአራት ዓመት ውስጥ፣ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ የሚሄድ ነው። ጊዜው መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ኑሮ የከበደበት ነው።

ታሪፉ ለሁሉም ከተማ አንድ ቢሆንም ሸክሙ እኩል አይደለም። ላሊበላ በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ እንግዳውን አስቀረ፤ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ፤ ነዋሪውም ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት ከረመ። መብራቱ ከተመለሰ ዓመት ሳይሞላው በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። አስጎብኚውም፣ ሆቴል ሠራተኛውም፣ ሱቅ ነጋዴውም ገቢው ቀንሶ ሳለ ነው የመብራት ሒሳቡ የጨመረበት።

ሒሳቡን ለመቀነስ መጀመሪያ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ይጨምራል። ከ2017ቱ ማሻሻያ በፊት እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ሲከፍል፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ቢለወጥም የእርከኑ አሠራር አለ። ስለዚህ ዋናው ነገር ከፍ ወዳለው እርከን አለመሻገር ነው።

ብዙ ሰው ቁጠባ ሲባል ትዝ የሚለው አምፖል ማጥፋትና የስልክ ቻርጀር መንቀል ነው። እስቲ እናስላው። 10 ዋት የሚስብ ቻርጀር በቀን ሦስት ሰዓት ቢሠራ በወር የሚፈጀው 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ በ15 ደቂቃ ይጨርሰዋል። የአንድ ወር የስልክ ቻርጅ ምጣዱ እስኪግል ከምንጠብቅበት ጊዜ አይበልጥም ማለት ነው። የቤታችንን ሒሳብ የሚያንረው ሙቀት የሚፈጥረው ዕቃ ነው፦ ምጣድ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማሞቂያና ካውያ።

ምጣድን በሳምንት ሦስት ጊዜ ለጥቂት እንጀራ ከማጋል፣ በአንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር ይሻላል፤ የላስታ ብርድ እንጀራውን ከቆላው አገር በተሻለ ያቆየዋል። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ ማውጣት ይቻላል። ጎረቤታሞች በጋለ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቤት የማጋያውን ወጪ ይድናሉ። ግን ሁልጊዜ በአንድ ሰው ቆጣሪ ከሆነ እርከኑ የሚያድገው የእሱ ነው፤ ስለዚህ በየተራ ከቤት ቤት እየተዘዋወሩ መጋገር ነው ፍትሐዊ የሚሆነው።

ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ ቶሎ የማይበስሉት ለዚህ ነው። ማታ ዘፍዝፎ ማደር፣ ድስት ከድኖ ማብሰል፣ አቅም ያለውም በፕሬዠር ድስት መቀቀል የምድጃውን ሰዓት ያሳጥራል። በረመዳን ሾርባውን ለኢፍጣር አፍልቶ ለስሑር በፔርሙስ ማቆየት ሌሊት ምድጃ ከማብራት ያድናል።

ለውዱእ የሚሞቀው ውሃም እንዲሁ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተላልፏል። ሙሉ ማንቆርቆሪያ አፍልቶ በቀዝቃዛ እያበረዱ ግማሹን ማፍሰስ የውሃም የመብራትም ኢስራፍ ነው። ማታ ስንተኛ መብራት እንድናጠፋ ያዘዙትም ከቃጠሎ ለመጠበቅ ነው። ለሙቀት ብሎ ምድጃ ለኩሶ የሚያድር ቤት ይህን ያስብ፤ ሒሳቡም አደጋውም አንድ ላይ ነው የሚመጡት።

መስጂዶቻችንም ከዚህ ውጭ አይደሉም። የመስጂድ ገንዘብ አማና ነው። አሮጌ 60 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ሲበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 9 ዋቱ ኤልኢዲ ግን 1.35 ብቻ። ኮሚቴዎች አምፖሉን ቢቀይሩና ከሶላት በኋላ የሚያጠፋ ሰው ቢመድቡ ለሌላ ጉዳይ የሚተርፍ ገንዘብ ያገኛሉ።

ከሁሉ የከፋው የጋራ ቆጣሪ ነው። አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የአራቱ ፍጆታ ተደምሮ እንደ አንድ ትልቅ ቤት ይቆጠራል። አንድ አምፖልና አንድ ምድጃ ያላት ድሃ የሀብታሙን እርከን ዋጋ ትከፍላለች። እሷ ብትቆጥብ እንኳ ጎረቤቷ ካልቆጠበ ጥቅሙ አይደርሳትም። አከራዮች ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ አስገብተው ሒሳቡን በንባብ ቢያካፍሉ፣ ከተከፈለው በላይም ባይጠይቁ የሰው ሐቅ ከመብላት ይድናሉ። ተከራይም ቢሆን ከቆጣሪ ውጭ መስመር መቀጠል የለበትም፤ ስርቆት ነው፣ ሕይወትም ያጠፋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ቁጠባ ወሰን አለው። በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት የምትጠቀም እናት ከዚያ በታች ቀንሺ ብትባል የሚቀራት ወደ እንጨት መመለስ ነው። የላስታ ተራሮች ደግሞ ከዚህ በላይ የሚቆረጥ እንጨት የላቸውም፤ ጭሱም የሚገባው እሷና ልጆቿ ሳንባ ውስጥ ነው። ስለዚህ ትርፍ ያለው ይቆጥብ፤ አገልግሎቱ ደግሞ የግል ቆጣሪ ለሚጠይቁ ቤተሰቦች ቅድሚያ ይስጥ፤ በየሦስት ወሩ የሚለወጠውን የእርከን ዋጋም ሰው በሚገባው ቋንቋ በየቀበሌው ይለጥፍ። የእርከኑን ዋጋ ያላወቀ ቤተሰብ የት ጋ ማቆም እንዳለበት አያውቅም።