ሰባተኛ የወጣውስ ማን ነበረ?





እኔ በየካ ክፍለ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ባለፈው ሰሞን በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን፣ ከሯጮቻችን ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ግማሹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ ግማሹ ቀነኒሳ በቀለን ይዞ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተሟገተ። አንዲት የሥራ ባልደረባችን ደግሞ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ያገኘችው ወርቅ ለሴቶች ልጆች በር ስለ ከፈተ ከሁሉ ይበልጣል አሉ።

እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለማሞ ወልዴ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮማ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገብቶ ስማችንን አስጠራ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ድሉን ደገመ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩ ታሞ ሩጫውን ሲያቋርጥ ሸክሙ ሁሉ በማሞ ላይ ወደቀ። ማሞም ከሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር ብር አግኝቶ ሳለ ማራቶኑን አንደኛ ሆኖ ፈጸመ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በሙኒክ፣ ያውም እንደ ሮማው በጳጉሜን 5 ቀን፣ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረ። የእኛ ቢጤ ደመወዝተኛ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ መውጣት በሚያታክተው ዕድሜ መሆኑ ነው!

ክርክሩ ሳያልቅ አንድ ጥያቄ አነሣሁ፤ በሮማ ከአበበ ጋር ሮጦ ሰባተኛ የወጣው ኢትዮጵያዊ ማን ነበረ? አንድም የመለሰ አልተገኘም። አበበ ዋቅጅራ ይባላል።

ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን እየዘገየ ይመጣ ነበረ። እኔም ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ደወል እንደ ሕግ በሚከበርበት ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ምክንያቱን ሳልጠይቅ በር ላይ አንበረከክሁት። በኋላ ከጓደኞቹ እንደ ሰማሁት፣ ልጁ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ እየወጣ፣ ከታላላቆቹ ሯጮች ኋላ በባሕር ዛፉ መካከል ይሮጥ ኖሮአል። እዚያ ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው፤ ሰውነትም ያንን ለመቋቋም ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ይሠራል። ልጁ ይህን ሁሉ ከእኔ ይልቅ በእግሩ ያውቀው ነበረ።

ከቅጣቱ በኋላ ሩጫውን ተወ። እኔም በሰዓቱ መምጣት በመጀመሩ በክፍል ፊት አመስግኜው ነበረ።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች በማለዳ ለሚለማመዱ ተማሪዎች የመጀመሪያዋን ክፍለ ጊዜ በሌላ ሰዓት የሚያካክሱበትን መንገድ ቢፈልጉላቸው እለምናለሁ። ክፍለ ከተማውም ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር የሯጮቻችንን ስም የሚያስጽፍበት ቀን ቢመጣ፣ ሰባተኛውንም አይዝለለው።

አንድ መምህር
ከየካ