የፈራነውና ሳንፈራው የቀረነው መንገድ

  ክረምት ገብቶ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጉና ወላጆችም «ዘንድሮ የት እንሂድ? በምንስ እንሂድ?» መባባል ሲጀምሩ ሁልጊዜ የሚታወሰን አንድ የቤታችን ጉዳይ አለ። ለብዙ ጊዜ ለማውራት እያፈርን አልፈነዋል። ይሁንና ከአንባቢዎቻችን መካከል እንደኛው ያሉ እንደማይጠፉ ስለምንገምት ዛሬ እናወጋችኋለን። ጉዳዩም አጭር ነው፤ አውሮፕላን እንፈራለን። «እንፈራለን» ስንል ጸሐፊውን ማለታችን ነው። የልጆቻችን እናትም ሆነች ልጆቹ አይፈሩም።

ታሪኩ የ2011 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት ዒድ አል-አድሐ ነሐሴ 5 ቀን እሑድ ዋለ። እናታችን ቡሬ፣ ታላቅ እህታችን ደግሞ ፍኖተ ሰላም ይኖራሉ። ከሁለቱም ጋር ከተያየን ዓመት አልፎን ነበርና በዓሉን እዚያው ልናሳልፍ፣ ልጆቹም ጥቂት ሳምንት ከአያታቸው ዘንድ ሊሰነብቱ ተስማማን። ልጆቹ የፍኖተ ሰላምን ጋሪ እንሳፈራለን እያሉ ቀን መቁጠር ጀመሩ። የቀረው በምን እንሂድ የሚለው ብቻ ነበር።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ መንገዱን እናስረዳ። በመኪና ከሆነ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሃ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ በደጀን ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ቡሬ ይደረሳል። ርቀቱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአየር ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል በርሮ ባሕር ዳር ማረፍ፣ ከባሕር ዳር በመርዓዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በጥሊሊ አድርጎ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መመለስ ነው። እንግዲህ የበረረውም ቢሆን ከመኪና አያመልጥም፤ ከመንገዱ ግን ከግማሽ በላይ ይቀነስለታል፤ የዓባይንም ቁልቁለት ይገላገላል።

እኛ ለመኪናው ብዙ ምክንያት ደረደርን። «ባሕር ዳር ደርሶ ወደ ኋላ መመለስ ምን የሚሉት ጉዞ ነው?» አልን። «ለአምስት ነፍስ የአውሮፕላን ቲኬት ማን ይችላል?» አልን። «ልጆቹ አገራቸውን በመስኮት ይዩ እንጂ!» ብለንም ጨመርን። ከነዚህ አንዱም ሐሰት አልነበረም። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያች ዕለት ወዲህ የአውሮፕላን ድምፅ በጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር ቀና ብለን ካላየን ዕረፍት አልነበረንም። ነገሩን ለማንም አልተናገርንም። ወንድ ልጅ ፍርሃቱን በገንዘብ ስሌት መሸፈን ይቀናዋልና።

በመጨረሻ የምናውቀው ሰው አንድ ሚኒባስ አገኘልን። ማታ በ3 ሰዓት ተነሥቶ፣ ሌሊቱን ነድቶ ለሱብሒ ሶላት ፍኖተ ሰላም ያደርሰናል ተባለ። ቀን አይባክንም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ቀብድ ልንከፍል ስንል የልጆቻችን እናት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ሹፌሩ ቀን ተኝቶ ነው የሚመጣው?» አለች። ደውለን ጠየቅን። መልሱም፣ «ከሰዓት በኋላ ከማርቆስ ይገባል፤ ማታውኑ ይዟችሁ ይነሣል። አያሳስባችሁ፣ ጫቱን ስለሚይዝ አይተኛም» የሚል ሆነ።

ስልኩን ዘግተን ተፋጠጥን። እሷም በቁጣ ሳይሆን በቀስታ፣ «አራት ወር ሙሉ ስለ ፓይለቱ፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ክንፉ ስትጠይቅ ሰማሁህ። ሦስቱን ልጆችህን ለምታስረክበው ለዚህ ሰው ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልነበረህም» አለችን። እውነቷን ነበር። ለአየሩ የጠየቅነውን ለመንገዱ አልጠየቅንም ነበር። ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ስላለን ቁጭ ብለን ሁለቱንም በእኩል ሚዛን ለመጠየቅ ሞከርን።

ስለ አየሩ ያገኘነው ይህን ነው። አውሮፕላን ይወድቃል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከባሕር ዳር ሳይቀር መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የተነሣ አውሮፕላን ርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት ተከስክሶ፣ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ነገር ግን በአየር ላይ አደጋ ሲደርስ ምርመራ ይደረጋል፤ ምክንያቱም ተገኝቶ ለዓለም ሁሉ ይነገራል። በ2011ዱ አደጋ ጊዜ የአንድ መሣሪያ የተሳሳተ ንባብ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በግድ ወደ ታች የሚደፋ ሥርዓት ማስነሣቱ ታውቆ፣ ያ ዓይነት አውሮፕላን በመላው ዓለም ከበረራ ታግዶ ነበር። ወደ ባሕር ዳር በብዛት የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። አብራሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቢደክም ሌላው አለ። ስንት ሰዓት መሥራትና ስንት ሰዓት ማረፍ እንዳለባቸውም በሕግ ተወስኗል። ጫት ይዟልና አይተኛም ብሎ የሚያሳፍራቸው የለም።

ስለ መንገዱስ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመኪና አደጋ ይሞታሉ። በአገራችንም በየዓመቱ የሚሞተው በሺዎች ይቆጠራል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ሲያልቅ እንደ መጋቢት 1 ያለ አገር አቀፍ ሐዘን ለምን አይሆንም? ሦስቱ እዚህ፣ አምስቱ እዚያ፣ አንዱ ዛሬ፣ ሁለቱ ነገ ስለሚሞቱ ነው። ሞቱ ተበታትኖ ሲመጣ ዓይን ይለምደዋል፤ በአንድ ቀን ተሰብስቦ ሲመጣ ግን ልብ ላይ ይታተማል። ልባችንም የሚፈራው ብዙ ሰው የገደለውን ሳይሆን የታተመበትን ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በአሜሪካ አራት አውሮፕላኖች ተጠልፈው ያ ሁሉ ጥፋት ከደረሰ በኋላ፣ ብዙ አሜሪካውያን በረራ ትተው በመኪና መጓዝ ጀመሩ። ጌርድ ጊገረንዘር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቡና ሊቅ የመንገድ አደጋውን መዝገብ መርምሮ፣ በተከታዩ አንድ ዓመት ውስጥ 1,500 ያህል ተጨማሪ ሰዎች በመኪና አደጋ መሞታቸውን ገምቷል። ይህም በአራቱ አውሮፕላኖች ውስጥ ከሞቱት መንገደኞች ስድስት እጥፍ ያህል ነው። እነዚህ ሰዎች ከሞት ሸሽተው ወደ ሞት ነው የሄዱት። እኛም በዓባይ በረሃ በሌሊት ልናደርገው የተነሣነው ይኸንኑ ነበር።

የዓባይን በረሃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ነው። በክረምት ጭጋጉ ይከብዳል፤ መሬቱም ይንሸራተታል። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ከወረደው ፍሬኑ ግሎ እንቢ ሊለው ይችላል። ይህን በቀን በንቁ ሹፌር ማለፍና በሌሊት ባልተኛ ሹፌር ማለፍ አንድ አይደለም።

አንዳንዱ ወንድማችን «የተጻፈ አይቀርም፤ በምንም ብንሄድ ያው ነው» ይል ይሆናል። በአላህ ውሳኔ እናምናለን። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር መመካትን ለመረጠው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡት ትምህርት በሁላችን ዘንድ የታወቀ ነው። ተወኩል የሚመጣው ከማሰሩ በኋላ ነው። እንቅልፍ ያላየ ሹፌርን መርጦ «በአላህ ተመክቻለሁ» ማለት ግመሉን መፍታት ነው።

እናም ቀብዱን ሳንከፍል ቀረን። ለቲኬቱ ሲባል የዚያን ዓመት የበዓል ልብስ ቀርቶ በአውሮፕላን ሄድን። ፍርሃቱ ጠፋ ብንላችሁ ዋሾ እንሆናለን። ስንነሣ እጃችን በላብ ርሶ ነበር። የጉዞውን ዱዓ ካደረስን በኋላ ለአስተናጋጇ እንደምንፈራ ሳናፍር ነገርናት፤ እሷም ሁለት ሦስት ጊዜ እየመጣች ጠየቀችን። እንደተነሣን ከሥር የሚሰማው ድም የሚል ድምፅ ጎማው ሲታጠፍ መሆኑን፣ ቀጥሎም የሞተሩ ጩኸት የሚቀንሰው አብራሪው ኃይሉን ስለሚቀንስ እንጂ ሞተሩ ስለሚጠፋ አለመሆኑን አስቀድመን ማንበባችን ጠቀመን። የክረምቱ ደመና ሲያንገጫግጨንም፣ መንገጫገጩ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ቀበቶ ያላሰረውን ሰው እንጂ አውሮፕላኑን አለመሆኑን ለራሳችን ደጋገምን። ትንሽቷ ልጃችን በመስኮት እያየች ትስቅ ነበር። ደግነቱ ሰዓቱ አጭር ነበር፤ አልሐምዱሊላህ ባሕር ዳር አረፍን።

ከባሕር ዳር እስከ ቡሬ የሚወስደንን ሹፌር ግን እንደ ፓይለት ጠየቅነው። ተኝተሃል? ቀበቶው ለሁላችንም ይሠራል? ቀስ ትላለህ? ሰውየው ሳቀብን እንጂ አልተቀየመም። ከዳንግላ ወዲህ ኩርባ ላይ አንድ አይሱዙ ሌላ መኪና ቀድሞ ፊት ለፊታችን መጣ። ሹፌራችን ቀስ ብሎ ይነዳ ስለነበር ወደ ዳር ወጥቶ አሳለፈው። በዚያን ቀን እውነተኛው አደጋ አጠገባችን የደረሰው ያን ጊዜ ነበር፤ አስቀድመን ሳንፈራው የቀረነውም እሱኑ ነበር።

ቡሬ ስንደርስ እናታችን ከደጅ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ልጆቹን ስመው ሲያበቁ፣ «በምን መጣችሁ?» አሉ። «በአየር» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ አውሮፕላን እንደምትፈራ እኔ አውቅ ነበር። ሐጅ ውሰደኝ ለማለት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። እንግዲህ አሁን ብጠይቅህ አይከብድህም» አሉን። ፍርሃታችን በእኛው ልብ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ይመስለን ነበር። ለካስ የእናታችንን ኒያ ይዞብን ኖሯል።

ውድ አንባብያን፣ ሁላችሁም ብረሩ ማለታችን አይደለም። ለብዙ ቤተሰብ የአውሮፕላን ዋጋ የማይቻል ነው። በመኪና የምትሄዱ በቀን ሂዱ። ሹፌሩ ማረፉን ጠይቁ፤ «ቶሎ በል» አትበሉት። ልጅ በጭን ይዛችሁ ከፊት ወንበር አትቀመጡ። ጎሃ ጽዮን ወይም ደጀን ላይ አረፍ ብላችሁ ሶላታችሁን ስገዱ፤ ለመንገደኛ ማሳጠር የተፈቀደለት እንዲቀለው ነውና ለጥድፊያ ሰበብ አታድርጉት። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ እየተዘጋ ስንቱ ቤተሰብ ተለያይቷል። አላህ ለአገሩ ሰላሙን ይመልስለት።

የእናታችንን ጉዳይ ሳንነግራችሁ አንለያይ። በመካከሉ በኮሮና ምክንያት ለሁለት ዓመት ከውጭ አገር የሚሄድ ሑጃጅ ቀርቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ግን አላህ ወፍቆን አብረናቸው ሄድን። አውሮፕላኑ ሲነሣ እጃችንን አጥብቀው የያዙት እሳቸው ነበሩ። እኛን ለማጽናናት ይሁን ራሳቸው ፈርተው አልጠየቅናቸውም።

ጉዟችሁን አላህ የሰላም ያድርግላችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።