ስለ ተቆጣ ጥርስና ስለ ማደንዘዣ መርፌ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አጭር አስተያየቴን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምኖረው በመርካቶ እህል በረንዳ አጠገብ ነው። ባለፈው ወር የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። እንደ ሰፈሩ ልማድ ቅርንፉድ ነከስሁ፤ አረቄም ተጉመጠመጥሁ፤ አልተሻለኝም። በአራተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ጠይቄ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድሁና ሁለት ሰዓት ያህል አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ጠበቅሁ። ሐኪሙ ማደንዘዣ ቢወጋኝ ከንፈሬ ደነዘዘ፤ ጥርሴ ግን ሲነካ እንደ እሳት ፈጀኝ። ሁለተኛም ብወጋ ያው ሆነ።

መድኃኒቱ የተበላሸ መስሎኝ ሐኪሙን በልቤ አማሁት። ኋላ የጥርስ ሕክምና የተማረ ዘመዴን ብጠይቀው ጥፋቱ የመርፌው እንዳልሆነ አስረዳኝ። ጥርስ ሲቆጣ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር በውስጡ ይበዛና ነርቩን ያነቃዋል፤ ስለዚህ በተቆጣ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ መርፌው ብዙ ጊዜ አይይዝም። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ክኒኖች ደግሞ ይህንኑ ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 አስፒሪን በዚህ መንገድ እንደሚሠራ ገልጦ፣ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ከመርፌው አንድ ሰዓት ያህል አስቀድመው ከ400 እስከ 600 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን የወሰዱ በሽተኞች፣ ካልወሰዱት ይልቅ ጥርሳቸው በሚገባ እንደሚደነዝዝ ጥናቶች አሳይተዋል።

እንግዲህ ይህ አንድ ሰዓት በአግዳሚው ላይ በከንቱ የምናሳልፈው አይደለምን? ካርድ በሚወጣበት ጊዜ በሽተኛው የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም እንዳለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ሴትም እንደ ሆነች እርጉዝ መሆንዋ ቢጠየቅ፣ ሐኪሙ ከፈቀደም ክኒኑ እዚያው ቢሰጥ መልካም ነው።

ይሁን እንጂ ማንም በገዛ ፈቃዱ እንዲውጥ አልመክርም፤ በቤቱ የዋጠውንም ለሐኪሙ አይደብቅ። ክኒኑ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ጥርሱን አያድንም፤ ተጨማሪ መርፌም ሊያስፈልግ ይችላል።

በሰፈራችን ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ የሚሮጥ ጎልማሳ «መርፌው አይዝም» ሲባል ሰምቶ ጉንጩ እስኪያብጥ ድረስ ከሕክምና ይሸሻል። አንዲት ክኒን ይህን ፍርሃት ብትቀንስ ጥቅሟ ቀላል አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከእህል በረንዳ