ስለ ሽማግሎች ሕመምና ስለ ሕክምና ዋጋ

የቀድሞው ዘመን ሕመም በብዙ ነገሩ ፈጥኖ የሚመጣና ፈጥኖ የሚፈርድ ነበር። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታውና ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ የሰየመው ወረርሽኝ ጠንካራውን ጎልማሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ መቃብር ያወርደው ነበር፤ ፈንጣጣም በ1968 ዓ.ም. ከአገራችን እስኪጠፋ ድረስ ስንቱን ቤት ያለ ልጅ አስቀርቷል። ዛሬ በክትባት፣ በንጽሕናና በሐኪም ቤት መስፋፋት ምክንያት ብዙ ሰው ለሽምግልና ደርሷል፤ ይህም ምስጋና የሚገባው ነገር ነው። ዳሩ ግን ዕድሜ ሲረዝም ሕመምም አብሮ ረዝሟል። የደም ብዛት፣ የስኳር በሽታ፣ የልብ ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም መጥተው የሚሄዱ እንግዶች አይደሉም፤ ከሰው ጋራ በአንድ ቤት የሚያረጁ ናቸው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በዛሬው ዓምዳችን ልናስረዳ የምንፈልገው ይህን ነው፤ ረዥም ሕመም የሚታከመው በየወሩ በሚወጣ ጥቂት ገንዘብና በማያቋርጥ ትጋት ነው እንጂ በአንድ ቀን በሚፈስ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

ለዚህም ነገር የዱከም ከተማ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የምድር ባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት ያለፈባት፣ በመንገደኛም ዘንድ በቁርጥ ሥጋዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን የተባለው የፋብሪካ መንደር ስለ ተሠራባት ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረው መሬት ብዙው የጫማ፣ የጨርቅና የሲሚንቶ ሥራ ቦታ ሆኗል። ለወጣቱ እንጀራ መገኘቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን መሬቱን የለቀቀው ሽማግሌ ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ለሚለቅ ገበሬ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በዐሥር ተባዝቶ ካሣ እንዲሰጠው ያዝዝ ነበር፤ ኋላም በሌላ አዋጅ መጠኑ ከፍ ተደርጓል። እንግዲህ በ55 ዓመቱ የዐሥር ዓመት ገቢ የተቀበለ ሰው 65 ዓመት ሲሞላው፣ ገንዘቡን በቁጠባ ቢይዘውም እንኳ አልቆበታል ማለት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ሥራውን ቢለቅ የጡረታ አበል በየወሩ ይቈረጥለታል፤ የገበሬ ጡረታ ግን መሬቱና በሬው ነበር። ሽማግሌው ከካሣው በላይ ዕድሜ ሲያገኝ ሕመሙም በዚያው ጊዜ ይጀምራል።

እንደዚህ ያሉ አባት ወደ ሐኪም ሲቀርቡ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ሕመማቸው አይደለም። «ልጄ፣ ይህ ኪኒን እስከ መቼ ነው የሚዋጠው?» ይላሉ። «አባቴ፣ ዕድሜ ልክዎን ነው» ሲባሉ ጥቂት ዝም ይላሉ፤ ከዚያም «ስንት ነው ዋጋው?» ብለው ይጠይቃሉ። ዋጋው ከተነገራቸው በኋላ አንዳንዶቹ ለአንድ ወር ገዝተው ይሄዱና ራስ ምታቱ ሲተዋቸው «ድኛለሁ» ብለው ያቆማሉ። ሌሎቹም በልጆቻቸው ላይ ሸክም እንዳይሆኑ ብለው ሕመሙን ይሸሽጋሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ስለ እነርሱ የተነገረ ይመስላል፤ የደም ብዛት ሥቃይ ሳያሰማ ውስጥ ውስጡን ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳ ሕመም ነውና።

በዚህ ላይ የገበያው ጠባይ ይጨመራል። በብዙ ሰው ዘንድ መርፌ ያልወጋ ሐኪም እንዳላከመ ይቈጠራል፤ ግሉኮስ ያልሰቀለ ሐኪም ቤትም እንደ ባዶ ቤት ይታያል። ነገር ግን በመቶ አምስት በተበጠበጠው በአንድ ሊትር ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው፤ ይህም ዐሥር የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። በአፉ መብላትና መጠጣት የሚችል ሽማግሌ ይህን በቤቱ በሻይ ሊያገኘው ሲችል ብዙ ብር ይከፍልበታል፤ የስኳር በሽታ ላለበት ወይም ልቡ ለደከመ ሰውም አደጋ ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም ለጕልበትና ለወገብ ሕመም ደጋግሞ የሚሰጠው የዲክሎፌናክ መርፌ ለጊዜው ሥቃይን ቢያስታግሥም በሽማግሌ ሰው ላይ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ሐኪሙ ይህን አስረድቶ «አያስፈልግዎትም» ባለ ጊዜ በሽተኛው ቅር ብሎት ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ማስረዳት ዋጋ አይከፈልበትም፣ መርፌው ግን ይከፈልበታል። ሕክምና ንግድ ሲሆን እውነተኛውን ምክር የሚናገር ሰው ኪሳራ ላይ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጻሜውም የታወቀ ነው። ለዓመታት ኪኒን ያጡት አባት አንድ ሌሊት ስትሮክ ይጥላቸዋል። ያን ጊዜ ልጆች ከያሉበት ይሰበሰባሉ፤ መኪና ይኮናተራሉ፣ ይበደራሉ፣ የቀረውንም ከብት ይሸጣሉ፤ ወደ አዲስ አበባ ወስደውም ለአልጋና ለምርመራ በጥቂት ቀን የሚያወጡት ገንዘብ የብዙ ዓመት ኪኒን በገዛ ነበር። ይህን የሚያደርጉት በፍቅርና በክብር መሆኑን አንጠራጠርም፤ ሆኖም ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ነበር።

ይህን ስንል ትልቅ ወጪ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በዓይን ሞራ ምክንያት የታወረ ሽማግሌ አንድ ሰዓት በማይፈጅ ቀዶ ሕክምና ብርሃኑን መልሶ የልጅ ልጁን ፊት ሊያይ ይችላል፤ ይህን «እርጅና ነው» ብሎ መተው ትልቅ በደል ነው። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ግን አይመለስም፤ ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ገንዘብ የት ቢወጣ እንደሚጠቅም ለይቶ ማወቅ የቤተ ሰብ ሁሉ ተግባር ነው።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለገበሬውና ደመወዝ ለሌለው ቤተ ሰብ የታሰበ ታላቅ ርዳታ ነው፤ ቤተ ሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፣ የድኻውንም መዋጮ መንግሥት ይሸፍንለታል። ነገር ግን የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ባዶ ከሆነ በሽተኛው መድን እያለው ከውጭ በገንዘቡ ይገዛል፤ ገንዘብ ካጣም ሳይገዛ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሥልጣን ላይ ያላችሁ ወንድሞቻችን ሆይ፤ ከአዲስ ሕንፃ ምርቃት አስቀድሞ የደም ብዛትና የስኳር ኪኒን ከመደርደሪያው እንዳይጠፋ ብታደርጉ ብዙ አባቶችንና እናቶችን ከአልጋ ታድናላችሁ።

ለቤተ ሰብም የምንመክረው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፤ አባትና እናት ደህና ነን ቢሉም ደማቸውን በየጊዜው ማስለካት ይገባል።

ሁለተኛ፤ ከልጆች አንዱ የመድኃኒቱን ነገር በኀላፊነት ይያዝ፤ ኪኒኑ ከማለቁ አስቀድሞ ይግዛ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አያስቁም።

ሦስተኛ፤ በሐኪም ፊት ልጅ ስለ አባቱ ፈንታ ሁሉን አይናገር። አማርኛ የማያውቁ ከሆነም ቃላቸውን ሳይቀንስ ያስተርጕም፤ ሽማግሌ ሕመሙን የሚናገረው ጊዜ ሲሰጠው ነውና።

አራተኛ፤ እሑድ ቀን ከአዲስ አበባ መጥቶ አባቱን ቁርጥ የሚጋብዝ ልጅ፣ ከግብዣው በፊት የኪኒኑን ብልቃጥ ከፍቶ ይይ። ባዶ ሆኖ ካገኘው የግብዣውን ገንዘብ ለመድኃኒቱ ያድርገው፤ አባቱም በዚህ የሚከበሩ እንጂ የሚዋረዱ አይደሉም።

ሽማግሌ የሚጦረው በየዕለቱ ነው። በሞት አፋፍ ላይ የሚፈስ ገንዘብ ለልጆች የኅሊና ዕረፍት ቢሰጥም ለአባት ዕድሜ አይሆንም፤ በየወሩ በሰዓቱ የሚደርስ ትንሽ ኪኒን ግን ዕድሜም ክብርም ይሆናል።