የተሰወረ ዕዳና የመንግሥት ምስጢር

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ባለዕዳና ባለገንዘብ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ያ ልማድ አልፏል፤ በዓይን የማይታየው ቁራኛ ግን ዛሬም አለ። ዕዳ ያለበት ሰው የመንግሥት ምስጢር ሊታመን ይገባዋልን? ብለን የምንጠይቀውም ስለዚህ ነው።

ጥያቄው የታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ አይደለም። በሐዋሳ ከተማ ቱላን እንመልከት። እዚህ የእንሰትና የቡና ማሳ ከከተማው መስፋፋት ጋር ይጋጠማል። የትኛው ይዞታ እንደሚለካ አስቀድሞ የሚያውቅ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በአራጣ ተይዟል እንበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ላይ በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ መዋዋልን ከልክሏል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን ይቀጣል። በፍርድ ቤት ሊጠየቅ የማይችል ዕዳ ደግሞ የሚሰበሰበው በማስፈራሪያ ነው። አበዳሪው ገንዘቡን ትቶ ከመዝገቡ አንዲት ገጽ ይጠይቃል። በዚያች ገጽ የሚሸጠው የሠራተኛው ክብር ብቻ ሳይሆን የገበሬው ቤተሰብ ጉሮሮ ነው።

ይህ ከንቱ ሥጋት አለመሆኑን የዓለም ታሪክ ያረጋግጣል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ባልደረባ የነበረው አልድሪች ኤምስ እ.ኤ.አ. በ1985 ዕዳ ሲጫነው የአገሩን ምስጢር ለሶቪየት ኅብረት ሸጠ፤ የተያዘው በ1994 ነው። በእርሱ ክህደት ሕይወታቸውን ያጡ አሉ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ባለዕዳን ሁሉ መጠርጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። ለእናቱ ሕክምና የተበደረ ሠራተኛና በቁማር የተዘፈቀ ሠራተኛ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የአሜሪካ መንግሥት የምስጢር ፈቃድ መመሪያ እንኳ ሕመምንና ሥራ ማጣትን ከግምት ያስገባል፤ ዕዳውን በቅን ልቦና የሚከፍለውንም ያያል። በአገራችንም የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ሲወጣ «ሀብት» በሚለው ትርጓሜ ውስጥ ዕዳንም አካቷል። መርሑ የማያሻማ ነው፤ የተገለጠ ዕዳ መሣሪያ አይሆንም፤ አደገኛው የተሰወረው ነው።

ስለዚህ ኃላፊነቱ የሁለት ወገን መሆኑን ልንገነዘብ ይገባል። ምስጢር የተረከበ ሠራተኛ ዕዳውን ሳይሸሽግ ያስታውቅ። መሥሪያ ቤቱም ያስታወቀውን መቅጫ ሳይሆን መጠበቂያ ያድርገው፤ በቁጠባና ብድር ማኅበር በኩል ከአራጣ ደጃፍ ያድነው፤ ካስፈለገም ዕዳው እስኪቃለል ወደ ሌላ ሥራ ያዛውረው። ዕዳውን የተናገረ ሁሉ እንጀራውን የሚያጣ ከሆነ ማንም አይናገርም፤ ያን ጊዜ የሠራተኛውን ዕዳ የሚያውቀው አበዳሪው ብቻ ይሆናል፤ የመዝገቡም ቁልፍ በእርሱ እጅ ይገባል።