ቆጥ ወይስ ቅጥያ?

ውድ ባለትዳሮች፣ በውጭ አገር ቤት ሆነው የተሠሩ መኪኖች አሉ፤ ሲቆሙ ግድግዳቸው ወደ ውጭ ተገፍቶ ክፍሉ ይሰፋል። በእኛዋ ቀጨኔ ጠባብ ቤቶች ደግሞ ምርጫው ቆጥ ወይም ቅጥያ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ የሚኖር ሰው ያለ ፈቃድ ግድግዳ አይገፋም፤ ስለዚህ ብዙዎች ወደ ላይ ያያሉ።

አስቀድማችሁ ግን የጎደላችሁን ተነጋገሩ። የልጆች መኝታ ከሆነ ጠንካራ መሰላል ያለው ቆጥ ይበቃል። ከሥሩ ከሰል አታንድዱ፤ ጭሱ ወደተኙት ልጆች ይወጣል። ሸክላ የምትሠራ እናት ጭቃውና አልጋው ከተጋፉባት ግን የሚያሳርፋት ቅጥያ ነው።

ባልና ሚስት ብቻቸውን የሚነጋገሩበት ጥግ የሌለው ቤት ቢሰፋም ጠባብ ነው። ሰላም ለቤታችሁ!